በትሬይለር እየኖሩ ላይትሃውስ ላይ በበጎ ፈቃድ መሥራት፦ የሞከራችሁ አላችሁ?

ጡረታ_ናፋቂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነው የቀረን። ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል፣ ቤቱን አከራይተን ለተወሰነ ጊዜ በትሬይለር (በመኪና በሚጎተት ቤት) ለመኖር ተስማምተናል። ትሬይለሯ 24 ጫማ ናት። ሁለተኛ እጅ ብትሆንም በደንብ የተያዘች ናት። እስካሁን ይዘናት የወጣነው ደረቅ አገር ብቻ ነው፣ አሪዞና፣ ዩታ፣ እንደዚያ ያለ ቦታ።

አሁን ባለቤቴ አንድ ነገር ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች። ኦሪገን ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉት ላይትሃውሶች (ለመርከብ መንገድ የሚያሳዩት የመብራት ማማዎች) ጎብኚ የሚያስጎበኝ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፣ የሚያገለግለው ሰው ደግሞ የትሬይለር ማቆሚያ ከነውሃው ከነኤሌክትሪኩ በነፃ ይሰጠዋል አሏት። እኔ ደግሞ ነፃ የሚባል ነገር ስሰማ መጀመሪያ ኪሴን ነው የምነካው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩን። በእውነት ነፃ ነው ወይስ የሆነ ነገር አለበት? በሳምንት ስንት ሰዓት ያሠራሉ? ስለ መርከብም ስለ መብራትም ምንም የማናውቅ ሰዎች ነን፣ እንግሊዝኛችንም ያው እንደምታውቁት ነው፣ ሰው ፊት ቆመን ማስረዳት እንችላለን ወይ? እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃው እንዴት ነው? ትሬይለሯስ የባሕሩን አየር ትችለዋለች? ያሰብነው አንድ ሙሉ ሰመር ነው።

ረዘመብኝ መሰለኝ። ለምትመልሱ ሁሉ አመሰግናለሁ።

ንፋስ_ስልክ፦

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። (ጡረታ ስላሉ ነው ጋሼ ያልኩዎት፣ ካስረጀሁዎት ይቅር ይበሉኝ።) እኔና ባለቤቴ ኬፕ ብላንኮም ሄሲታ ሄድም የሚባሉት ላይትሃውሶች ላይ ሠርተናል፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርዎት።

ነፃ ነው፣ ክፍያው ግን ሰዓት ነው። የኦሪገን ስቴት ፓርኮች "ሆስት" የሚሉት ሰው ማቆሚያ ያገኛል፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አለው፣ ብዙ ቦታ ፍሳሹም አለ። በምትኩ አንድ ሰው በሳምንት 20 ሰዓት አካባቢ ይሠራል። እንደ ፓርኩ ከፍም ዝቅም ይላል፣ ስለዚህ ከመስማማትዎ በፊት "ሰዓቱ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለታችን ድምር?" ብለው ይጠይቁ። ይቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው ነው በኋላ የሚያኮርፈው። ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ወር እንድትቆዩ ይፈልጋሉ። ዕድሜ 18 መሙላት አለበት፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያም አለ። ማመልከቻው ላይ የትሬይለሩን ርዝመት ይጠይቃሉ። 24 ጫማ ከሆነች ብዙ አትጨነቁ፣ የሚቸገሩት 40 ጫማ ይዘው የሚመጡት ናቸው።

ጁላይና ኦገስት ቶሎ ያልቃሉ። ሰው ወራት ቀደም ብሎ ነው የሚያመለክተው። ኤፕሪል፣ ሜይ ወይም ሴፕቴምበር ላይ ግን ቦታ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ አየሩም እንደሚወራው አይደለም። እንዲያውም ሴፕቴምበር ከጁላይ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ጭጋጉ ይቀንሳል።

ያኪና ሄድ የሚባለው ላይትሃውስ ደግሞ የስቴት ፓርክ አይደለም። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው የያዘው፣ ማመልከቻውም በቮለንቲር ዶት ጎቭ በኩል ነው። ፌዴራል ቦታ ላይ ስትሠሩ ሁለት ጥቅም አለ። አንደኛ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባችሁ እንደ ፌዴራል ሠራተኛ ካሳ ይሸፍናችኋል፣ ሁለተኛ 250 ሰዓት ስትሞሉ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ የዓመት ፓስ ይሰጣችኋል። በትሬይለር ለሚዞር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው የሚያስበው ማታ ማታ መብራት የሚያበራ ይመስለዋል። መብራቱ ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው፣ የባሕር ጠባቂው ኃይል ከ1939 ጀምሮ ነው የተረከበው። የእናንተ ሥራ ሰው ነው። በር ትከፍታላችሁ፣ መስኮት ትወለውላላችሁ፣ ጎብኚ ትቆጥራላችሁ፣ በቡድን ከፋፍላችሁ ወደ ላይ ታወጣላችሁ፣ አንዳችሁ ታች አንዳችሁ ላይ ትቆማላችሁ። አንዳንድ ቦታ የስጦታ ዕቃ መሸጫው ካሽ ላይም ትቀመጣላችሁ።

እንግሊዝኛውን እርሱት። ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ስንት ደረጃ ነው? አሁንም ይሠራል? ድሮ እዚህ ማን ነበር የሚኖረው? ሽንት ቤቱ የት ነው? ሄሲታ ላይ ከሆናችሁ አምስተኛው ጥያቄ ስለ መንፈሷ ነው። የጠባቂዎቹ መኖሪያ ቤት ውስጥ "ሩ" የምትባል የሴት መንፈስ አለች ይባላል፣ ከአምስት ሰው አንዱ እሷን ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ "ቤቱ አሁን እንግዳ ማረፊያ ነው፣ አድረው ይዩት" ብዬ ነው የምሸኛቸው።

ሲደርሱ ወፍራም ደብተር ይሰጧችኋል፣ ታሪኩ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ደብተሩን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ድሮ የዘይት መብራትና መስታወት ነበር፣ ብርሃኑ ሩቅ አይሄድም። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ ብርሃን እንዳይባክን መስታወቱን በቀለበት በቀለበት ቆርጦ ደረደረው፣ ሌንስ የሚሉት እሱን ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ብርሃን ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይወጣል። ሲያዩት አንድ ትልቅ የመስታወት የንብ ቀፎ ነው። በመጠኑ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ አለው፣ አንደኛው ውስጥ ሰው ቆሞ ይገባል። ሄሲታ ያለው አንደኛ ደረጃ ነው፣ በ1894 የበራ፣ ብርሃኑ 21 ማይል ድረስ ይታያል።

ልጆች በጣም የሚወዱት ደግሞ የብልጭታው ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ማማ የራሱ አበራር አለው፣ መርከበኛው በጨለማ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሄሲታ በየ10 ሰከንዱ አንዴ፣ ብላንኮ በየ20 ሰከንዱ አንዴ፣ ያኪና ሁለት ሰከንድ በርቶ ሁለት ጠፍቶ ሁለት በርቶ 14 ሰከንድ ይጠፋል። አምፕኳ ደግሞ ነጭና ቀይ ይቀያይራል። ልጆቹን "ቁጠሩ" ካላችኋቸው ወላጆቻቸው ዕረፍት ያገኛሉ፣ እናንተም ታገኛላችሁ።

የጠባቂዎቹም ታሪክ አለ። ብላንኮ የበራው በ1870 ነው። ላንግሎይስ የሚባል ሰው 42 ዓመት እዚያ ንፋስ ላይ ኖረ። በ1903 ደግሞ ሜብል ብሬዘርተን የምትባል ሴት ተመደበች፣ ኦሪገን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት የላይትሃውስ ጠባቂ። ይህን ሳወራ ሴት ጎብኚዎች ቆመው ይሰማሉ፣ ባሎቻቸው ወደ ዓሣ ነባሪው ያያሉ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሌንሱ አይነካም። የጣት ቅባት መስታወቱን ይጎዳዋል፣ ድሮ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ቁልፋቸው እንዳይጭረው የተልባ እግር ሽርጥ ለብሰው ነበር የሚያጸዱት። በ1992 ልጆች ሰብረው ገብተው የብላንኮን ሌንስ በመዶሻ ቀጥቅጠውታል፣ ለመጠገን ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ2010 ደግሞ ኬፕ ሜርስ የሚባለው ላይትሃውስ ላይ ያለውን ሌንስ በጥይት መቱት። ስለዚህ ላይ የሚቆመው ሰው ለወሬ ብቻ አይደለም የቆመው። "አይንኩ" ማለት የሚያፍር ሰው ታች ይቁም።

ጉልበትዎን በተመለከተ ያኪና 114 ደረጃ ነው፣ ተዉት። ሄሲታ ማማው አጭር ቢሆንም ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ማይል ዳገት አለው፣ በየቀኑ ነው ያንን የምትወጡት። ኬፕ ሜርስ 38 ጫማ ብቻ ነው፣ በኦሪገን ዳርቻ ካሉት ሁሉ አጭሩ፣ ግን እዚያው ካምፕ ማደሪያ የለም። ኮኪል ሪቨር የሚባለው ላይትሃውስም አጭር ነው፣ መኪና እስከ በሩ ይደርሳል፣ ካምፑም እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው። ለእርስዎ እኔ እሱን ነው የምመርጥልዎት። በ1896 ተሠርቶ በ1939 ተዘጋ፣ ለብዙ ዓመት ወድቆ ቆይቶ በኋላ ታደሰ። ሌንስ የለውም፣ ግን ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው የቆመው፣ ቁጭ ብለው ቢውሉ አይሰለችዎትም።

መፍቻ_14፦

ስለ ማማው ንፋስ_ስልክ ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ትሬይለሯ ላውራ። ከአሪዞና ወደ ኦሪገን ዳርቻ የሚመጣ ትሬይለር ሁለት ጠላት አለው፣ ጨውና እርጥበት። ዝናቡ ሦስተኛ ነው።

ጨው። ከታች ግቡና ሻንሲውን፣ ባሌስትራውን፣ የፍሬኑን ሽቦዎች እዩ። ቀለም የተላጠበት ቦታ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ፍቁትና ቀቡት፣ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አይደርቅላችሁም። አልሙኒየሙ ላይ የብረት ብሎን የገባበት ቦታ ሁሉ ጨዋማ እርጥበት ሲያገኝ ይበላል፣ ሁለት የተለያየ ብረት ሲነካካ የሚሆን ነገር ነው። ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን የመብራት ስፒና እግሮቹን ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግሪስ ቀቡት፣ ያለዚያ ለመመለስ በምትነሱበት ቀን የፍሬን መብራት አይሠራም። ካምፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ መኪና ማጠብ አይፈቀድም፣ በባልዲ ንፁህ ውሃና ጨርቅ በየጊዜው ጥረጉት፣ በተለይ የመስኮት ጠርዝና የበር ማጠፊያ።

እርጥበት። ይሄ ነው ሰውን የሚያስመርረው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ፣ ሻይ ሲፈላ፣ እርጥብ ጃኬት ሲሰቀል፣ ሌሊት መስኮቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። ከፍራሹ ሥርና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰው ይሄን ሲያይ የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ለማድረቅ ይሞክራል፣ ነገር ግን አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ፓውንድ ተኩል በላይ ውሃ በትነት መልክ ይወጣዋል። በምድጃ እያደረቁ አይደለም፣ እያረጠቡ ነው። መርዛማ ጋዙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በምድጃ ቤት ማሞቅ አይታሰብ። ከትሬይለሩ ጋር የመጣው ማሞቂያ ጭሱን ውጭ ስለሚያወጣ እሱ ችግር የለበትም። ኤሌክትሪኩ ነፃ እስከሆነ ድረስ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዙ፣ ትንሿ ጣሳ ውስጥ ያለችው የኬሚካል ዱቄት ለቁም ሳጥን እንጂ ለቤት አትበቃም። ፍራሹን ከእንጨቱ ከፍ የሚያደርግ ነገር አንጥፉበት። ሲያበስሉ ማራገቢያውን ይክፈቱ፣ ብርድ ቢሆንም።

አምፔሩን አትርሱ። 24 ጫማ ትሬይለር ብዙ ጊዜ 30 አምፔር ነው። ማሽኑን፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ማይክሮዌቭ ባንዴ ካበራችሁ ይዘጋል፣ በጨለማ ካፖርት ለብሳችሁ ብሬከር ትፈልጋላችሁ።

ጣሪያው ላይ ውጡና መጋጠሚያዎቹን እዩ። እዚያ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ በንፋስ ተገፍቶ በጎንም በፍሪጁ መተንፈሻም ይገባል። ደረቅ አገር ላይ የማያፈስ ትሬይለር ኦሪገን ላይ ያፈሳል። በትሬይለሩ ጎን የሚዘረጋውን ጥላ ደግሞ ከትሬይለሩ ስትርቁ ሁልጊዜ ጠቅልሉት። ሁልጊዜ።

የሽንት ቤቱ ታንክ ቫልቭ ፍሳሽ ስላለ ብላችሁ ከፍታችሁ አትተዉት፣ ውሃው ብቻ ይሄድና ጠጣሩ ተቆልሎ ይቀራል። ሲሞላ አንዴ ልቀቁት። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ወር አንድ ቦታ ሲቀመጥ ነው የሚያውቀው፣ ጎረቤቶቹም አብረው ያውቁታል።

እውነት_ልናገር፦

ማንም እንዳይቆጣኝ። ሁለት ሰው በሳምንት 20፣ 20 ሰዓት፣ በወር 160 ሰዓት። ይህን በኦሪገን ዝቅተኛ ደሞዝ አባዙትና ከአንድ ወር የትሬይለር ማቆሚያ ኪራይ ጋር አስተያዩት። ማቆሚያው "ነፃ" አይደለም፣ በጣም ውድ ነው። ስቴቱ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው መቅጠር ሲገባው ጡረተኛ በነፃ ያሠራል። ኑሮ ለማቃለል ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት አትሂዱ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ግማሽ ቀን ሠርታችሁ ማቆሚያ ተከራዩ፣ ትርፍ ይኖራችኋል። ባሕሩን ለማየት ደግሞ ትኬት አይጠየቅም።

ንፋስ_ስልክ፦

ሂሳቡ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚመጣ ሰው አንድ ወር ሳይሞላው ሲነጫነጭ አይቻለሁ፣ ሽፍት ሲቀየርበት ይቆጣል፣ ጎብኚ ሲበዛ ይቆጣል። እኔ የምሄደው ማታ ጎብኚው ከወጣ በኋላ በሩን ቆልፌ ስወርድ የሚሰማኝን ስለምወደው ነው፣ ለእኔ ይሄ በቂ ነው፣ ላንተ በቂ ካልሆነ መብትህ ነው። ሰው መቅጠር አለባቸው የምትለው ላይ ግን እኔም ካንተ ጋር ነኝ፣ በጎ ፈቃደኛ ከሌለ ማማው ይዘጋል እንጂ ሰው አይቀጠርም፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው።

ለታክስ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱ አይቀነስም። ወጪ በዝርዝር የምታስገቡ ከሆነ ግን ለአገልግሎቱ የነዳችሁት ማይል 14 ሳንቲም ይያዛል። በዚያ ማንም አልከበረም።

ጡረታ_ናፋቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጮክ ብዬ ሳነብላት ሜብል ብሬዘርተን ላይ አስቆመችኝ፣ "በቃ እንሄዳለን" አለች። መፍቻ_14፣ ሻንሲው ሥር ገብቼ አየሁ፣ ባሌስትራው ላይ ዝገት ጀምሯል፣ ቅዳሜ እጀምረዋለሁ። እውነት_ልናገር፣ አንተም ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኛ ግን የቤት ኪራዩ ስላለን ለገንዘቡ አይደለም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ሆስፒታል ስንት ይርቃል? እኔ የደም ግፊት አለብኝ። ሁለተኛ ሱናሚ የሚባለውን ነገር ልጄ ሰምታ ደውላ አስጨንቃናለች፣ እውነት ነው ወይስ ፊልም ነው?

ዝናብ_ወዳጅ፦

ሆስፒታል ባንደን ከተማም ጎልድ ቢች ከተማም አለ። ኮኪል ሪቨር ላይ ከሆናችሁ ባንደን እዚያው አጠገባችሁ ነው። ብላንኮ ላይ ከሆናችሁ ግን መንዳት አለባችሁ፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው፣ ስለዚህ መድኃኒታችሁን ለሙሉ ጊዜው ይዛችሁ ሂዱ። ኬፖቹ (ወደ ባሕሩ የገቡት ገደሎች) ላይ ስልክ የማይነሳበት ቦታ አለ፣ ይህን ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት፣ ያለዚያ ፖሊስ ትልክባችኋለች።

ሱናሚው ፊልም አይደለም። ከባሕሩ ወለል ሥር ካስኬዲያ የሚባል ስንጥቅ አለ፣ መጨረሻ በትልቁ የተንቀሳቀሰው ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ነው፣ የመሬት መንቀጥቀጡ መጠን ወደ 9 ይጠጋ ነበር። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የኮኪል ሪቨር ካምፕ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ብላንኮ ደግሞ ገደል ላይ ነው፣ ማማው ከባሕሩ በላይ 245 ጫማ ላይ ነው የሚያበራው። ይህን ስትመርጡ አስቡበት። በደረሳችሁ ቀን ሰማያዊዎቹን የማምለጫ ምልክቶች ተከትላችሁ በእግር እስከ ከፍታው ድረስ ሂዱ፣ በመኪና አይደለም። መሬቱ ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ምልክቱ ያው እሱ ነው፣ ሳይረን አትጠብቁ፣ ማዕበሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ትሬይለሩን ጥላችሁ ነው የምትሄዱት። የመድኃኒቱን ቦርሳ በሩ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሌላው ይቅር።

ስለ ንፋሱ ማንም በደንብ አላወራም። ብላንኮ ላይ በክረምት ከ100 ማይል በሰዓት በላይ ይነፍሳል። በሰመር ከሰሜን ነው የሚመጣው፣ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ትሬይለሩን ሲያንገጫግጭ ያመሻል። ጁላይ ላይ 60 ፋራናይት አካባቢ ነው፣ ቁምጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ። በሩን ስትከፍቱ እጀታውን በሁለት እጅ ያዙ። የጎረቤቴን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ወስዶታል።

እኔ ግን ክረምቱን ነው የምወደው። ዓሣ ነባሪዎቹ ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምረው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ጁን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ለእነሱ ቆጠራና ለጎብኚ ማሳየት ብቻ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችም አሉ፣ ከ1978 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ማማ ላይ መውጣት ለማይችል ሰው ይሄ ይሻላል፣ ቆሞ ማየት ብቻ ነው፣ ጥሩ መነጽር ይኑራችሁ እንጂ።

ትሬይለር ሰልችቶኛል የሚል ካለ ደግሞ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ኒው ደንጀነስ የሚባል ላይትሃውስ አለ። እዚያ በጠባቂዎቹ ቤት ውስጥ ነው ለአንድ ሳምንት የሚኖሩት፣ ከፍለው። በእግር ቢሄዱ አምስት ማይል ተኩል የአሸዋ ምላስ ነው፣ ስለዚህ ማዕበሉ ሲወርድ በመኪና ነው የሚወስዷችሁ። ሳር ያጭዳሉ፣ ነሐስ ያብሳሉ፣ ያስጎበኛሉ። ትሬይለር ግን አይገባም።

ጡረታ_ናፋቂ፦

ተወያየን። ኮኪል ሪቨርን ለሴፕቴምበር አንደኛ ምርጫ፣ ብላንኮን ሁለተኛ አድርገን እናመለክታለን። ባለቤቴ በተቃራኒው ነው የምትፈልገው፣ ግን ጉልበቱ የእኔ ስለሆነ ድምፁ ለእኔ ሄዷል። ሰዓቱ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለታችን የሚለውን ጥያቄ ከላይ ጽፌዋለሁ።

መፍቻ_14፣ አንድ የመጨረሻ። ማቆሚያው 50 አምፔር ብቻ ቢሆንና የእኔ 30 ቢሆንስ?

መፍቻ_14፦

አዳፕተር አለ፣ ከ50 ወደ 30 የሚያወርድ፣ ወፍራም ሽቦ ያለውን ግዛ። ግን ከሱ በፊት የኤሌክትሪኩን ከፍና ዝቅ የሚቆጣጠር መከላከያ ግዛና ሶኬቱ ላይ መጀመሪያ እሱን ሰካ። ጨው የሚበላው የአንተን ስፒና ብቻ አይደለም፣ የፓርኩንም ሶኬት ይበላል። የተቃጠለ ወይም የጠቆረ ሶኬት ካየህ አትሰካ፣ ሬንጀሩን ጥራ። ሆስት ስለሆንክ ሌላ ማቆሚያ ይሰጡሃል።

የባሌስትራውን ፎቶ ላክልኝ፣ ከመፋቅህ በፊት ልየው።